ከዘይቱ ጀምሪ

ለምወድሽ ጓደኛዬ ለትዕግስት፤

እንደምን ከርመሻል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፋን፤ መልእክትሽ ሲደርሰኝ የተሰማኝ ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ዱባይ ዴይራ ያለው ቤትሽ ሥር የህንዶች አትክልት ሱቅ እንዳለ፣ ጾም በገባ ቁጥር ከሽሮና ከሰላጣ ሌላ ምን ልሥራ እያልሽ በበሩ እንደምታልፊ ጽፈሽልኛል። ሌላውን ወሬ ሁሉ ለሚቀጥለው ደብዳቤ ላቆየውና ዛሬ ይህንኑ፣ የህንዶችን የአትክልት አሠራር፣ ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ምግብ ቤት የበላሽውን እርሺው። በክሬምና በካሹ የወፈረው፣ ቅባቱ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው መረቅ የምግብ ቤት ሥራ ነው። እቤት የሚበላው ቀለል ያለ ነው፦ ዳል የሚሉት የክክ ወጥ፣ አንድ ወይም ሁለት ዓይነት አትክልት፣ ሩዝ ወይም ቻፓቲ የሚሉት ስስ ቂጣ፣ ከጎኑ ጥሬ ነገር። ቅመሙም የሚፈራውን ያህል ብዙ አይደለም። ከኛ ወጥ የሚለየው ቁሌቱ ላይ ነው። እኛ ሽንኩርቱን ረጅም ጊዜ አቁላልተን በርበሬውን እዚያው እናበስላለን። እነሱ ያልተፈጨ ቅመም በጋለ ዘይት ለሰከንዶች ብቻ ይጠብሳሉ፤ የቅመሙ መዓዛ የሚሟሟው ከውሃ ይልቅ በቅባት ስለሆነ ዘይቱ ሽታውን ሁሉ ይወስዳል፣ ያ ዘይት ደግሞ ምግቡን ያጣፍጠዋል። ታድካ ይሉታል። እሱን ከቻልሽ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በትንሽ መጥበሻ አድርገሽ መካከለኛ እሳት ላይ ጣጂ። ሁለት ሦስት ፍሬ ከሙን ጣል አድርጊበት። ፍሬው ዝም ብሎ ከሥር ከተኛ ዘይቱ ገና ነው። ወዲያው ዙሪያውን አረፋ ይዞ ከተንሳፈፈ ደርሷል። እንደነካ ከጠቆረ ግን ከመጠን በላይ ግሏል፤ መጥበሻውን አውርደሽ ጥቂት ጠብቂ። ዘይቱ ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን ጨምሪ። ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ ጠየም ይልና ሽታው ይነሳል። ያኔ ለሁለት የተሰበረ አንድ ዛላ በርበሬና በስሱ የተቆረጠ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት አስከትዪ። የነጭ ሽንኩርቱ ጠርዝ ወርቃማ ሲሆን እሳቱን አጥፊ። የተፈጨ ነገር የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ከተገኘ ቁንጥር ሂንግ፣ ሽታው የሚከብድ የሙጫ ቅመም ነው። በርበሬ በጋለ ዘይት ውስጥ በሰከንዶች ያራል፤ ብዙ ሰው ጋ ታድካው የሚመርረው በዚህ ምክንያት ነው። ካረረ መድኃኒት የለውም፤ ዘይቱን ደፍተሽ እንደገና ጀምሪ፣ ምስሩ ላይ አድርገሽ ድስቱን ሙሉ አታበላሺ።

ሰናፍጭ ከከሙን የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ፍሬው እየፈነዳ ስለሚረጭ ክዳን ይዘሽ ቁሚ፤ መንጣጣቱ ጋብ እስኪል ሌላ ነገር አትጨምሪ። ያልፈነዳ ሰናፍጭ ይመርራል። የካሪ ቅጠል የምትጨምሪ ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ በጨርቅ አድርቂው፤ ውሃ የነካው ቅጠል ዘይቱን ፊትሽ ላይ ያስረጫል።

አሁን ምስሩ። አንድ ኩባያ ቀይ ምስር ክክ ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ እጠቢ። በሦስት ኩባያ ውሃና በሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ ጣጂው፤ አረፋውን ግፈፊ፤ ክዳኑን ገርበብ አድርገሽ በቀስታ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይንተክተክ። ቲማቲም ከወደድሽ ምስሩ ከፈረሰ በኋላ አስገቢ፤ ጎምዛዛ ነገር ቀድሞ ከገባ ክኩ ቶሎ አይበስልም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ በማማሰያ መታ መታ አድርጊው። ከዚያ ታድካውን እንደጋለ ገልብጪበትና ወዲያው ክደኚው፤ እንፋሎቱ ይዞት የሚጠፋው ሽታ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። አምስት ደቂቃ ቆይተሽ ክፈቺው። ሎሚ ጨመቅ፣ የድንብላል ቅጠል ነስነስ፣ በቃ። ቱር ዳል የሚሉትን ቢጫ ክክ ከገዛሽ ግን 30 ደቂቃ ዘፍዝፊው፤ ያለ ፕሬዠር ድስት 45 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

ከአትክልቱ አስቀድመሽ ባሚያ እንድትሞክሪ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጠላው አሠራሩን ባለማወቅ ነው። ያ ዝልግልግ የሚመጣው ከውሃ ነው። 300 ግራም ትንንሽና ለጋ ባሚያ ምረጪ፤ ጫፉን ስትሰብሪው ቀጭ የሚል መሆን አለበት። ሳትቆርጪ እጠቢው፣ በጨርቅ አንድ በአንድ አድርቂው፣ ቢላዋውም ደረቅ ይሁን። ከዚያ በጣት ውፍረት ቁረጪ። ሰፊ መጥበሻ ላይ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግለሽ፣ ከሙን ጠብሰሽ፣ ባሚያውን ሳይደራረብ ዘርጊው። አትክደኚ፣ ጨው አትጨምሪ፣ ቶሎ ቶሎ አታማስዪ። ክዳን እንፋሎት ይመልሳል፣ ጨው ውሃ ያወጣል፣ ሁለቱም መልሰው ያዝለገልጉታል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ ክሩ ይጠፋል። ጨው፣ ሩብ ማንኪያ እርድና አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል ያኔ ይገባል፤ ሁለት ደቂቃ አቆይተሽ በሎሚ ጨርሺው። ሱቁ አምቹር የሚባል የደረቀ ጥሬ ማንጎ ዱቄት ካለው ከሎሚ ይሻላል፣ ምክንያቱም ውሃ የለውም።

ዱባ ደግሞ እንደ ቤንጋሎች ሥሪ። አምስት ያልተፈጩ ቅመሞችን ቀላቅለው ፓንች ፎሮን ይሉታል፤ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ከሙን፣ ሰናፍጭና እንስላል። አምስቱም ከኛ ጓዳ የማይጠፉ ናቸው፤ ተፈጭተው ሳይሆን ከነፍሬያቸው መግባታቸው ብቻ ነው ልዩነቱ። እኩል እኩል ደባልቂና አንድ የሻይ ማንኪያውን በዘይት ጥበሺ። አብሹ ቀይ እንጂ ጥቁር መሆን የለበትም፤ ከጠቆረ ይመርራል። 500 ግራም ዱባ፣ ሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ፣ ጨው፣ ቁንጥር ስኳር ጨምረሽ ክደኚው። ዱባው በራሱ ውሃ ይበስላል፤ ከያዘብሽ ብቻ ሁለት ማንኪያ ውሃ አርከፍክፊ።

ጥቅል ጎመን በደቡብ ህንድ አሠራር ከስድስት ደቂቃ አያልፍም፦ ሰናፍጭ፣ የካሪ ቅጠል፣ ቃሪያ፣ እርድ፣ በጣም በስሱ የተከተፈ 400 ግራም ጎመን፣ በመጨረሻም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ሩብ ኩባያ የተፈቀፈቀ ትኩስ ኮኮናት። ሲታኘክ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። እንደ አልጫችን እስኪልም አትጠብቂ።

ለሩዙ አንድ ኩባያ ባስማቲ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈሽ በአንድ ተኩል ኩባያ ውሃ 12 ደቂቃ በቀስታ አብስዪ፤ አውርደሽ ሳትከፍቺ 10 ደቂቃ ይረፍ።

ለጾም የምትጠነቀቂው ነገር አለ። ህንዶች አትክልት ብቻ ይበላሉ ሲባል ወተት፣ ቅቤና እርጎ አይከለከሉም። በታሸገ የህንድ ምግብ ላይ የምታዪው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው እንጂ ወተት የለበትም ማለት አይደለም። ፓራታ የሚሉትን የታሸገ ቂጣና ጣፋጭ ስትገዪ ጀርባውን አንብቢ። ሂንግም ብዙ ጊዜ ከስንዴ ዱቄት ጋር ተደባልቆ ስለሚሸጥ ስንዴ የማይስማማው እንግዳ ካለሽ ተዪው። እነሱ ከጎን በሚያቀርቡት እርጎ ፋንታ ካቹምበር አቅርቢ፤ ኪያር፣ ቲማቲምና ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፊ፣ ሎሚና በደረቁ ታምሶ የተፈጨ ከሙን ጨምሪ። ጨዉ ሊበላ ሲል ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ሳህኑ ውሃ ይሞላል።

ፍራፍሬውንም እንዲሁ በቅመም ይበሉታል። የተቆራረጠ ፓፓያ፣ ዘይቱን (ጓቫ) ወይም አናናስ ላይ ያንኑ የታመሰ ከሙን፣ ካላ ናማክ የተባለውን ጥቁር ጨውና ሎሚ ነስንሺ። ጥቁሩ ጨው የድኝ ሽታ ስላለው በጥቂቱ ጀምሪ። በሚያዝያና በግንቦት ደግሞ ከማሃራሽትራ የሚመጣው አልፎንሶ ማንጎ አንቺ ጋ ይደርሳል። ጠንካራውን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢው፣ ብስለቱን ያቆመዋል፤ በወረቀት ጠቅልለሽ ውጭ አቆይውና ግንዱ የነበረበት ቦታ ሲሸት ብዪው። ሥጋውን ጨምቀሽ በቁንጥር የተፈጨ ሄል ብትመቺው እነሱ ፑሪ ከሚሉት በዘይት የተጠበሰ ቂጣ ጋር የሚበሉት አምራስ ይሆናል፤ ማንጎው ጣፋጭ ከሆነ ስኳር አያስፈልገውም።

ሱቁ ስትሄጂ ለመጀመሪያው ከሙን፣ ሰናፍጭ፣ እርድ፣ ድንብላልና የካሪ ቅጠል ብቻ ግዢ፣ የተፈጨውንም በትንሹ፤ ከወራት በኋላ ሽታው ይጠፋል። የተረፈው የካሪ ቅጠል በፍሪዘር ይቆያል። ባሚያው ከዝለገለገብሽ መጥበሻሽ ስንት ሴንቲሜትር እንደሚሰፋ ጻፊልኝ፤ ብዙውን ጊዜ ችግሩ እሱ ነው።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

የምትናፍቅሽ ጓደኛሽ