ጥርሱን አትጠብቂው

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ቤተሰብሽ ደህና ነው? ባለቤትሽስ? እኛ እዚህ ሐዋሳ ሁላችንም ደህና ነን፣ ክብር ምስጋና ይግባው።

ብዙ ጊዜ ተጠፋፍተናል። ከሠርግሽ ወዲህ ረጋ ብለን ያወራንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለዚህ ነው የላክሽልኝን ድምፅ ስሰማ ደስታውም እንባውም አንድ ላይ የመጣብኝ። «ማሙሽ አሥር ወር ሞላው፣ ያለው ሁለት ጥርስ ነው፣ ምን አባቴ ላብላው?» ያልሽውን ደጋግሜ ሰማሁት። ድካምሽ ተሰማኝ። በቴሌግራም ልመልስልሽ ጀምሬ ተውኩት። ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ስለ ጥርሱ አትጨነቂ። አንዳንዱ ልጅ ገና በአራት ወሩ ያበቅላል። አንዳንዱ ዓመት እስኪሞላው ድዱ ባዶ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት አንድም ካልወጣ ያኔ ሐኪም ይየው። ደግሞ ቀድመው የሚወጡት የፊት ጥርሶች ናቸው፤ እነሱ ይቆርጣሉ እንጂ አያኝኩም። የሚያኝከው መንጋጋ ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከ13 እስከ 19 ወር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ስምንት ጥርስ አለው ያልሽኝ የጎረቤትሽ ልጅም የሚያላምጠው እንደ ማሙሽ በድዱ ነው። ድድ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ገና ጥርስ ሳያወጣ ጡት ላይ ሲነክስሽ ምን ያህል እንደሚያም ታውቂዋለሽ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጥርሱ ሳይሆን ጡጦው ነው። ጤና ጣቢያ ስሠራ በየቀኑ የማየው ይሄንኑ ነው። እናት ልጇ እንዳይታነቅባት ፈርታ አጥሚቱን ታቀጥናለች፣ የጡጦውን ጫፍ ቀደድ ታደርጋለች፣ ልጁ ጠግቦ ይተኛል። ግን የጠገበው ውሃ ነው። የልጅ ሆድ ትንሽ ስለሆነ የሚገባው ነገር ወፍራም መሆን አለበት። ገንፎው ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ይሁን። ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝ አገር ብዙ ልጆችን ተከታትለው ባጠኑት ጥናት፣ ሻከር ያለ ምግብ ከአሥር ወር በኋላ የጀመሩት ልጆች በኋላ ላይ በምግብ ይበልጥ ሲያስቸግሩ ታይቷል። ማሙሽ አላለፈበትም። ግን ዛሬ ነገ አትበይ።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከራሳችሁ ምሳ ጀምሪ። ክክ አልጫ ስትሠሪ ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ ቀንሰሽ አስቀምጪ፤ ኩላሊቱ ገና ለጨው አልደረሰም። ሽሮም ከሆነ በርበሬ የሌለበትን ነጩን ሥሪለት። እንጀራውን በደንብ አርሰሽ ፈትፍቺለት። ደረቅ እንጀራ አፍ ውስጥ ተጠቅልሎ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ የረሰረሰው ግን ለድድ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ድንች፣ ዱባ፣ ስኳር ድንች ሙክክ እስኪል ቀቅይ። በስሎ እንደሆነ የምታውቂው በአውራ ጣትና በሌባ ጣትሽ ስትጫኚው ነው። በሁለት ጣት ከላመ በድዱም ይልማል። ካልላመ ወደ ድስቱ ይመለስ። አቮካዶ፣ የበሰለ ሙዝና ፓፓያ ምድጃም አይፈልጉም። በእጁ ጨብጦ እንዲበላ በጣት ቁመት ቁረጪለት። በሁለት ጣቱ መልቀም ሲችል ደግሞ ትንንሽ አድርጊው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት የማልችለው የብረት ማዕድን ጉዳይ ነው። ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ስንቅ ከስድስት ወር በኋላ እያለቀ ይሄዳል፣ በጡት ወተት ያለው ብቻውን አይበቃውም። እንቁላል አሁኑኑ ጀምሪለት። አስኳሉ ሲቀቀል ስለሚደርቅ ከአቮካዶ ጋር ጨፍልቂው፤ ወይም ፍርፍር አድርገሽ በደንብ አብስዪው። የተፈጨ ሥጋ በደንብ አብስለሽ ፍትፍቱ ውስጥ ጨምሪ። ጉበትም በሳምንት አንዴ ትንሽ ቢቀምስ መልካም ነው። ምስሩ ላይ ቲማቲም ይግባበት፤ ብረቱ ሰውነቱ ውስጥ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ብስኩት በሻይ ግን ተይው። ሻይ ያንኑ ብረት ይከለክለዋል። ማርም ዓመት ሳይሞላው እንዳይቀምስ። ለአዋቂ መድኃኒት የሆነው ማር ለሕፃን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ጾም ሲመጣም እንቁላሉ እንዳይቀር። ብዙ ቤት ድስቱ ይነካል ተብሎ ልጁም አብሮ ይጾማል። ሕፃን ጾም የለበትም፣ ካህኑም የሚሉት ይሄንኑ ነው። አንዲት ትንሽ ድስት ለእሱ ብቻ ለዪለትና ነገሩ ይገላገላል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። አንድ ጊዜ ትን ብሎት መንቀጥቀጥሽን ነግረሽኛል። ትንታንና መታነቅን ለይተሽ እወቂ። ሊያስመልሰው ሲል፣ ሲያስል፣ ፊቱ ሲቀላ፣ ድምፅ ሲያወጣ ምግቡን ራሱ እያስተካከለ ነው። አጠገቡ ሁኚ፣ ጣትሽን አፉ ውስጥ አትክተቺ፤ ይበልጥ ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። ማሳል ካቃተው፣ ድምፁ ከጠፋ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ክንድሽ ላይ በደረቱ አስተኚው። ጭንቅላቱን ደግፈሽ ዝቅ አድርጊና በመዳፍሽ ተረከዝ በትከሻዎቹ መሃል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርገሽ ምቺው። ካልወጣ ገልብጪውና በሁለት ጣት የደረቱ አጥንት መሃል ላይ፣ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብለሽ፣ አምስት ጊዜ ተጫኚ። እስኪወጣ እያፈራረቅሽ ቀጥዪ፣ ሌላው ሰው ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ። ይሄን ለባለቤትሽም፣ ለሠራተኛዋም አሳዪያቸው። ቁጭ ሳይል አይብላ፣ ብቻውንም አትተዪው። ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮት፣ ያልተሰነጠቀ ወይን እጁ እንዳይደርስ። ለውዙን ፈጭተሽ በስሱ ገንፎ ላይ ብታደርጊለት ግን ጥሩ ምግብ ነው።

አማትሽ «ተቅማጡ የግግ ነው፣ ይውጣለት» ማለታቸውን ሰምቼ ደንግጫለሁ። እህቴ፣ እባክሽ እንዳታስነኪው። ግግ የሚሉት ከድዱ ሥር ያለ ገና ያልወጣ ጥርስ ነው። ቆፍረው ሲያወጡት ልጁ ይደማል፣ ይመረዛል፤ የሞቱም አሉ። እማማ ክፉ አስበው አይደለም፣ በእሳቸው ዘመን የሚታወቀው ይሄ ነበር። በአክብሮት ንገሪያቸው። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱን ሳትቀንሺ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት) እና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ተቀበዪ። እኔም እደውልላቸዋለሁ፣ እኔን ይሰሙኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። አትጋቺው። አፉን ከዘጋ፣ ፊቱን ካዞረ ጠግቧል ወይም ምግቡን ገና አልለመደውም። ነገ ደግመሽ አቅርቢለት፤ አዲስ ምግብ አሥር ጊዜ ገፍቶ በአሥራ አንደኛው የሚበላ ልጅ ሞልቷል። በቀን ሦስት አራቴ ይብላ፣ በመሃል ሙዝ ወይ ሌላ ፍሬ አስይዢው፣ ጡቱም ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ከእናንተ ጋር ገበታ ላይ ይቀመጥ። ስታኝኩ እያየ ነው ማኘክ የሚለምደው።

ለገና አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ ቡላም ይዤልሽ እመጣለሁ። እስከዚያ በእንቁላሉ ጀምሪና እንዴት እንደሆነ በድምፅ ላኪልኝ። ማታ ማታ ነፃ ነኝ፣ የድሮው ቁጥሬም አልተቀየረም።

የምትወድሽ እህትሽ