ብሬከርን የሰው ጠባቂ ያደረገው ማን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ አደጋ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔን አላምን ብዬ ነው። ጥሩ ብሬከር ያለበት ቤት ውስጥ ኮረንቲ ሰው አይገድልም ይላል። ያውም በደማቅ ፊደል!

19 ዓመት ሽቦ ስጎትት የኖርኩ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። የሶኬት ብሬከር ብዙ ጊዜ 16 አምፔር ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሥራው ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው። ሰው ለመግደል ግን 1 አምፔር እንኳ አይፈልግም። እጁ የረጠበ ሰው ኮረንቲ የያዘ ምድጃ ቢነካ፣ በሰውነቱ አልፎ ወደ መሬት የሚወርደው ለብሬከሩ ከአንድ አምፖል አይለይም። ሰውየው ይንዘፈዘፋል፣ ብሬከሩ ሰላም ነው።

ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው መቁረጫ ነው። በፌዝ (ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ) የወጣው በኒውትራል (በሚመልሰው ሽቦ) መመለሱን ያያል። 30 ሚሊአምፔር ከጎደለ የሆነ ቦታ ወደ መሬት እየሄደ ነው፤ ሰከንድ ሳይሞላ ይቆርጣል። ከ16 አምፔር ጋር ሲተያይ ከ500 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። በእርግጥ እሱም ተአምር አይሠራም። በአንድ እጅ ፌዝ፣ በሌላው ኒውትራል ለያዘ ሰው አይደርስም። ግን በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ስሙ እንኳ አልተነሳም።

የቤት ባለቤት፣ ዕቃ ሻጭ፣ ተከራይ ሳይቀር አናግራችኋል። ዘገባችሁ ጥፋቱን የለጠፈበት ኤሌክትሪሺያን ብቻ ስልክ የለውም መሰለኝ። ከእኛም ውስጥ የግራውንዱን (ወደ መሬት የሚወስደውን) ሽቦ ጠቅልሎ ሶኬት ጀርባ ደብቆ የሚሄድ አለ፣ አልክድም። እሱን ብትጽፉ አጨበጭብ ነበር።

አንድ ደንበኛዬ «ይሄ የገጠምክልኝ ነገር መብራት እያጠፋ አስቸገረኝ፣ ንቀለው» አለኝ። የውሃ ማሞቂያውን ስለየው መቁረጡን ተወ። ፈትቼ አሳየሁት፤ የማሞቂያው ብረት ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል። አርሲዲው ሥራውን እየሠራ ነበር። ሰውየው ግን ዕቃ ልሸጥለት የፈለግኩ መሰለውና ሌላ ባለሙያ ጠራ። ያኛው አርሲዲውን ነቅሎ ቀጥታ አገናኘለት። አሁን መብራት አይጠፋም፣ ሰውየውም ደስ ብሎታል። ዘጋቢያችሁ ያማከረው ያንን ባለሙያ ይሆን?

አርሲዲ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ላዩ ላይ የሙከራ ቁልፍ አለች። ተጫኗት። ካልቆረጠ አስቀይሩት። አዘጋጁ ደግሞ ማረሚያውን እንደ ስህተቱ በደማቅ ፊደል ያውጡልን።

አንድ ኤሌክትሪሺያን አንባቢያችሁ