ለተሰጠን የብሮሸር ዲዛይንና ኅትመት አገልግሎት የቀረበ ቅሬታ

ጥቅምት 27 ቀን 2012 ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለዲዛይንና ኅትመት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ስሕተት ያለባቸው 3,000 ብሮሸሮች በድርጅታችሁ ወጪ ታርመው እንደገና እንዲታተሙልን ስለመጠየቅ

መስከረም 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል ድርጅታችሁ በጣና ሐይቅ ላይ ለምንሰጠው የጀልባ ጉዞና የማስጎብኘት አገልግሎት ማስተዋወቂያ የሚሆን፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሦስት ገጽ እጥፍ ብሮሸር ዲዛይን አድርጎ፣ የአማርኛውን ጽሑፍ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ፣ 3,000 ቅጂ አትሞ ሊያስረክበን ግዴታ ገብቷል። እኛም ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 37,950 ብር፣ ግማሹን ውሉን ስንፈርም፣ ቀሪውን ጥቅምት 14 ቀን ሥራውን ስንረከብ ከፍለናል። ካርቶኖቹ ታሽገው ስለመጡና ያመጣቸው ሾፌር ስለቸኮለ ከፍተን ያየናቸው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው።

እስካሁን ጉዳት ካደረሰብን ስሕተት እጀምራለሁ። በሰጠናችሁ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ይነሣል ይላል። ይህ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ «2 ኤኤም» ተብሎ ታትሟል። በፈረንጆች አቆጣጠር 2 ኤኤም ማለት የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መሆኑን፣ መጻፍ የነበረበትም 8 ኤኤም እንደነበረ በዚህ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ድርጅት ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ የባሕር ዳር ልጅ ከእንግዳ ጋር ቀጠሮ ሲይዝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በማን ሰዓት?» ብሎ ነው። ስሕተቱን ሳናስተውል 140 ያህል ቅጂ ለሆቴሎች አድለን ስለነበር፣ ጥቅምት 18 ለ19 አጥቢያ ሁለት እንግዶች ብሮሸሩን በእጃቸው ይዘው በዚያ ጨለማ ከጀልባ ማቆሚያው ተገኙ። ስልክ ደውሎ የቀሰቀሰኝ የማቆሚያው ዘበኛ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ወደ ሆቴላቸው መለስኳቸው፤ ሲነጋ ግን ከሌላ አስጎብኚ ጋር ሄዱ፤ አልፈረድኩባቸውም።

የጥምቀት ጉዞው ቀን ደግሞ ገና ጉዳቱን አላደረሰም እንጂ ካልታረመ ከዚህ የባሰ ያስከትላል። እኛ «ጥር 11» ብለን የሰጠናችሁን ተርጓሚያችሁ «ጃንዋሪ 19» አድርጎታል። በአብዛኛው ዓመት እንዲህ ቢባል ልክ ነው። ያለፈው 2011 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ስለነበረ የዘንድሮው መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ በዚህም ምክንያት የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 እስኪያልፍ ድረስ ቀኑ ሁሉ በአንድ ስለሚገፋ ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ብሮሸራችንን አምኖ የመመለሻ ትኬቱን ለጃንዋሪ 20 ጠዋት ቢቆርጥ፣ ጎንደር ላይ የሚያገኘው ከተራን ብቻ ነው፤ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውሃው ሲባረክና ሕዝቡ ሲጠመቅ ለማየት ያን ያህል መንገድ መጥቶ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ከዚህም ሌላ፣ ያለ እኛ ፈቃድ ከጽሑፋችን ላይ የተቆረጠ ዐረፍተ ነገር አለ። ክብራን ገብርኤል የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች እንደማይገቡበት፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት እንደሆነች የሚገልጸው ነው። ዲዛይነራችሁን በስልክ ስጠይቀው «ፎቶውን ስናሰፋው ቦታ ጠበበን» የሚል መልስ ሰጠኝ። ባልና ሚስት ለሁለት ሰው ከፍለው ክብራን ደርሰው፣ ሚስትየዋ ጀልባው ውስጥ ቁጭ ብላ ባሏን እንድትጠብቅ ሲነገራት የሚሰማትን መገመት አያዳግትም። ለእኛ ያ ዐረፍተ ነገር ከየትኛውም ፎቶግራፍ ይበልጣል፤ ቦታ ሲጠብ ምን እንደሚቆረጥ መወሰን የነበረብን እኛ ነን።

ስለ ሽፋኑም ቅር ብሎናል። የሰጠናችሁ ፎቶግራፍ በደንገል ታንኳ ላይ ያለ ቀዛፊ የሚታይበት ነበር፤ የወጣው ግን ጢስ ዓባይ በክረምት ሞልቶ ሲወርድ ነው። ያምራል፣ አልክድም። ነገር ግን ይህ ብሮሸር የሚታደለው በታኅሣሥና በጥር ለሚመጣ እንግዳ ነው፤ በዚያ ወቅት ወንዙ ይቀንሳል፣ ካለውም ውሃ ብዙው ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል። ሽፋኑን አይቶ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሚበዛውን ቋጥኝ ራቁቱን ሲያገኘው የሚወቅሰው እናንተን ሳይሆን እኛን ነው። በዚያ ላይ ፎቶው ደብዝዟል። ፋይሉን አስልከን ስናየው በቴሌግራም ሲላክ የተጨመቀና ረጅሙ ጎኑ 1,280 ፒክስል ብቻ የሆነ ነው፤ 21 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው ሽፋን በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት ሲታተም ግን ወደ 2,480 ፒክስል ይፈለግ ነበር።

የኅትመቱን ጉድለት በአጭሩ ላንሣ። የኤ4ው ወረቀት እኩል 99 ሚሊ ሜትር እየሆነ ስለታጠፈ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ማነስ የነበረበት ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ገጽ እየተጋፋ ይጎብጣል። ስልክ ቁጥራችን እጥፋቱ ላይ አርፎ ሁለቱ አኃዞች ተፍቀዋል። የተመረጠው ፎንት «ኳ»ን ስለሌለው «ታንኳ» የሚለው ቃል በሁሉም ቦታ መጨረሻው ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጥቷል፤ ድርጅታችን ከታንኳ ጋር ያለውን ግንኙነት ለምታውቁት ለእናንተ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

በእኛ በኩል የነበረውን ጥፋት መደበቅ አልፈልግም። መስከረም 26 ቀን ባመጣችሁልኝ ናሙና ላይ ፈርሜያለሁ። ሆኖም በዚያ ናሙና የእንግሊዝኛው ገጽ ትርጉም የሌለው የማስመሰያ ጽሑፍ ብቻ የሰፈረበት ሲሆን፣ «ትርጉሙ ሲያልቅ ይገባል፣ ከመታተሙ በፊትም ይላክልዎታል» ተብሎ ተነግሮኝ ነበር። ያልተሟላ ናሙና ላይ መፈረም አልነበረብኝም። የተሟላው ግን ሳይላክልኝ ታተመ፤ ሽፋኑም የተለወጠው፣ ዐረፍተ ነገሩም የተቆረጠው ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ጥቅምት 21 ቀን የደንበኞች ጉዳይ ሠራተኛችሁ በስልክ ያቀረቡልኝ መፍትሔ በተሳሳቱት ቦታዎች ላይ ተለጣፊ ወረቀት እንድንለጥፍ ነው። «ፈረንጁ ይገባዋል» ብለውም ሊያጽናኑኝ ሞክረዋል። የሰዓቱን፣ የቀኑንና የስልኩን ቦታ በ3,000 ቅጂ ላይ ማስተካከል 9,000 ጊዜ መለጠፍ ነው፤ የተለጣጠፈ ብሮሸር ለያዘ አስጎብኚ ሕይወቱን በጀልባ ላይ አደራ የሚሰጥ እንግዳ ደግሞ ይኖራል ብዬ አላምንም። ስለዚህ አልተቀበልኩትም።

የምንጠይቀው ብሮሸሩ የሰጠናችሁን ጽሑፍና የሽፋን ፎቶግራፍ ጠብቆ ታርሞ፣ በትክክለኛው ወረቀት ላይ ታትሞና ታጥፎ አንድ ሙሉ ናሙና በእጃችን እንዲደርስ፣ በእርሱ ላይ በጽሑፍ ከተስማማን በኋላም 3,000ው ቅጂ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ ኅዳር 20 ቀን 2012 ዓ.ም. እንድንረከብ ነው። የእንግዶች ወቅት ከደጃችን ስለደረሰ ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣ ብሮሸር አይጠቅመንም። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ የከፈልነው 37,950 ብር በሙሉ እንዲመለስልን እንጠይቃለን።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው፤ ይህም ደብዳቤ በአንቀጽ 1772 መሠረት ግዴታችሁን እንድትፈጽሙ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ተደርጎ እንዲያዝልን እናሳስባለን። ከሆቴሎቹ የሰበሰብናቸውን ጨምሮ ብሮሸሮቹ በቢሯችን ስለሚገኙ በሥራ ሰዓት መጥታችሁ ልትረከቧቸው ትችላላችሁ፤ የሥራ ሰዓታችን ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡30፣ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ከሰላምታ ጋር

የጀልባ ጉዞና አስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ፣ ሁለት የክፍያ ደረሰኞች፣ የተፈረመበት ናሙና እና ስሕተቶቹ በቀይ የተሰመረባቸው ሁለት ብሮሸሮች
ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍላችን