ሁለተኛውን ቤት ታውቀዋለህ?

ይድረስ ለየኔታ፤

እንደምን ከረምክ? «ከረምክ» ስል ራሴም አፈርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ የምን ከረምክ ነው።

አውቃለሁ። የእናትህን የእቴቴን ለቅሶ አልደረስኩም። ስልክ እንኳ አልደወልኩም። የሰማሁ ዕለት መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ደግሜ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። «ነፍስ ይማር» ብቻ ብሎ መላክ ለእሳቸው አነሰብኝ። ረዘም ያለውን ሳነበው ደግሞ የስብሰባ ንግግር መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ ስል አርባቸው ወጣ፣ ሙት ዓመታቸውም ዞረ። ይቅር በለኝ። ስንደዋወል እንደልብህ ትሰድበኛለህ፣ ዝም ብዬ እሰማለሁ። አሁን የጻፍኩልህ ግን አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው። «ሲቸግረው ትዝ አልኩት» ብትል እውነትህን ነው። ገንዘብ ግን አይደለም፣ አትደንግጥ።

ጃዝ ጀመርኩ። በቫዮሊን። አትሳቅ።

ሥራዬ ያው ነው፣ ፓርኪንግ፣ ሌሊት። ከምድር በታች ሦስተኛው ወለል ላይ ነኝ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኋላ መኪና አይመጣም። ቤት ውስጥ ልለማመድ ብል ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት ይደበድባሉ። ስለዚህ ቫዮሊኗን ይዤ ሥራ እገባለሁ። ኮንክሪቱ ድምፁን እንዴት እንደሚያስተጋባው ብትሰማ! እዚያ ሆነህ ስትጫወት ጎበዝ ነህ። አንድ ቀን አንድ ሰካራም መኪናውን ሊያወጣ መጥቶ አንድ ዶላር እግሬ ሥር ጥሎልኝ ሄደ። የጃዝ ገቢዬ እስካሁን እሷ ናት።

ይሄ ዋሽንግተን የጃዝ ባንድ መሪው የዱክ ኤሊንግተን አገር መሆኑን ታውቅ ነበር? በፈረንጆቹ 1899 እዚሁ ተወለደ። ያደገው አሁን የኛ ሰው ክትፎና ጥብስ በሚሸጥበት በዩ ስትሪት አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ 1973 አዲስ አበባ ሄዶ ጃንሆይ ሜዳልያ የሸለሙት እሱ ነው። ባንዱ ውስጥ ከ1940 ጀምሮ ለብዙ ዓመት ሬይ ናንስ የሚባል ሰው ነበረ፤ ትራምፔቱን ያስቀምጥና ቫዮሊን ያነሣል። ይሄን ስሰማ ነው ነገሩ የገባብኝ። ቫዮሊን ኖታ ፊት ለፊቷ ካልተዘረጋ አፏን የማትከፍት ዕቃ ትመስለኝ ነበር።

ከዚያ የጃዝ ቫዮሊኒስቱን ግራፔሊን አገኘሁ። በ1934 ፓሪስ ላይ ከጊታሪስቱ ከጃንጎ ራይንሃርት ጋር አምስት ሆነው ተነሡ፤ ሦስት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ቫዮሊን። ከበሮ የለ፣ ትራምፔት የለ። ስልኬ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ እየቀነስኩ አንዱን ሶሎ በጆሮዬ ለቀምኩት። አራት ወር ፈጀብኝ። ድምፆቹን ማግኘት ቀላል ነው። የገደለኝ ቀኝ እጄ ነው። እኛ የተማርነው ምቱ ሲያርፍ ደጋኑን ወደ ታች መሳብ ነው። እነሱ ግን ከምቱ ትንሽ ቀድመው ይነሡና በዚያው ደጋን ምቱን ተሻግረውት ይሄዳሉ። ወሬውን ከመሃል እንደሚጀምር ሰው። እኔ ሳደርገው እቴቴ ይሉት የነበረውን ይሆናል። ትዝ ይልሃል? በሩ ላይ ሲያዩኝ «ዛሬም ልትገዘግዝ መጣህ?» ይሉ ነበር፤ ከዚያ ቡና ይቀዱልኛል።

አሁን ኑዛዜ። ለማንም አልነገርኩም፤ ለባለቤቴም።

ዩ ስትሪት አካባቢ አንድ ትንሽ ቤት አለ። ሐሙስ ማታ ማንም መሣሪያውን ይዞ ወጥቶ ከባንዱ ጋር ይጫወታል። ልሄድ ወሰንኩ። ግን እዚያ ቆሜ ከባዶ መፍጠሩን ፈራሁ። ምን አደረግኩ መሰለህ? ሶሎዬን ቤት ውስጥ ጻፍኩት። በወረቀት! ከግራፔሊ እዚህ ቆረጥ፣ ከራሴ እዚያ ቀጠል አድርጌ፣ በኤ ቁልፍ፣ ክፍት ክሮቼ፣ ጣት ሳይጫናቸው የሚጮኹት፣ እንዲያግዙኝ። ሸመደድኩት። ፊቴን እንዴት እንደማደርግ ሁሉ ተለማመድኩ፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አሁን እንደመጣልኝ ሰው።

አንተ ዋሸራ ቅኔ ቤት እያለህ በሁለት ቁራሽ ከትልቁ ተማሪ የገዛሃትን ቅኔ አስታወሰኝ። መምህርህ «እስቲ ወርቁን ንገረኝ» ሲሉህ እንዴት እንደተንተባተብክ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅኩት። ያንን ሳቅ እግዜር መዝግቦት ኖሯል።

ተራዬ ደረሰ። ሳክስፎን የሚጫወተው ሰው ዞር ብሎ «ብሉዝ፣ ቢ ፍላት» አለ። በቃ። ከኤ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚርቀው። ለጣቶቼ ግን ሌላ አገር ነው፤ የተደገፍኩባቸው ክፍት ክሮች ሁሉ ከሥሬ ተነሡ። ቤዝ የያዘው ሽማግሌ በአገጩ ጠቆመኝ።

ብሉዝ አንድ ዙሩ አሥራ ሁለት ባር ነው፤ አንድ ባር አራት ምት። በዚያ ፍጥነት ሃያ ሰከንድ ገደማ። አራቱን ባር ዝም ብዬ ቆምኩ። ደጋኑ ክሩ ላይ አርፏል፣ እጄ ግን አይንቀሳቀስም። ከበሮው ይሄዳል፣ ፒያኖው ይሄዳል፣ እኔ የለሁም። ከዚያ ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ወደ ትዝታ ገቡ። ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። እሷው ናት፣ ትዝታ ሜጀር። ብሉዙ ላይ እኮ ልክ ትገባለች! ሰው አጨበጨበ፤ አንዷማ «የት አገር ዜማ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ። ትዝታን ተኝቼም እጫወታታለሁ። ከወረቀቱ ወደ ሌላ ወረቀት ሸሸሁ እንጂ ምንም አልፈጠርኩም።

ሽማግሌው ገብቶታል። ስንወጣ ቤዙን በጨርቅ እየሸፈነ እንዲህ አለኝ፦ «አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነገርከን። ብሉዝ ላይ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይባላል፣ ሦስተኛው መልስ ነው።» እውነቱን ነው። ሲዘፈንም እንደዚያ ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልሳል። አዝማሪ «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን እየደጋገመ ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር እንደሚያበስለው። ድግግሞሹ ጊዜ መግዣ ነው። እኔ ጊዜውን ገዛሁና የማበስለውን አጣሁ።

ቸገረኝ ያልኩህ ይሄ ነው። እዚህ የማገኛቸው ሰዎች ስለ ስኬልና ስለ ኮርድ ይነግሩኛል፤ የትኛው ኮርድ ላይ የትኛው ድምፅ እንደሚያምር። እሱን አውቃለሁ፣ ባላውቅም እማረዋለሁ። የምጠይቀው ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም። ጉባኤ ቃና፣ ያቺ አጭሯ ቅኔ፣ ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ናት። ስትዘርፍ፣ የመጀመሪያውን ቤት አፍህ ላይ ስታመጣ፣ ሁለተኛው የት ላይ እንደሚመታ ታውቀዋለህ? ወይስ ሳታውቀው ነው የምትጀምረው? ካላወቅከው በመሃል ያለችዋን ዝምታ እንዴት ቻልካት? ያን ሁሉ ሰው እያየህ? ነጠላህን ተከናንበህ ዛፍ ሥር ስታወርድ የከረምከውን አይደለም የምለው፤ እሱ እንደኔ ወረቀት ነው። ቆመህ የዘረፍከውን ነው። ያን የጥምቀት ዕለቱን። መምህርህ ቀና ብለው ያዩህ ዕለት።

በጽሑፍ አትመልስልኝ። እንደ ደንቡ አስረድተህ አንድ ገጽ ትልክልኛለህ፣ አውቅሃለሁ። ስልክህን ክፈትና አንዲት ጉባኤ ቃና ዝረፍልኝ፣ በድምፅ። ያዘጋጀሃት ከሆነች ይገባኛል፣ ሞያዬ ነው። ዝምታውን አትቁረጠው። ብትጉረመርም፣ ብትስት፣ በመሃል ልጅህ ብታለቅስ፣ ሁሉም ይግባ። ግእዙ ከጠፋኝ ኋላ ትተረጉምልኛለህ።

ስለ ምን? አንተ ምረጥ። ስለ ውሻው ይሁን፣ ቁራሽ ስትለምን ባትህን ስለያዘህ። ወይ ስለ እኔና ስለ መጋዙ። ወይ ደግሞ...

ስለ እሳቸው ከሆነም ይሁን። እሰማዋለሁ። መጨረሻ ድረስ።

ሐሙስ ተመልሼ እሄዳለሁ። በምን ቁልፍ እንደሚጀምሩ አላውቅም። ወረቀቱን ቀድጄዋለሁ ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ አለ። ከሐሙስ በፊት ቢደርሰኝ ጥሩ ነው፣ ባይደርሰኝም ዝም አትበለኝ።

ባለመጋዙ