ስብርባሪው ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ኦጋዴን ውስጥ የአውሮፕላን ስብርባሪ ተገኘ በተባለ ቁጥር ከፎቶው ሥር «የሶማሊያ ሚግ ነው» የሚል ፍርድ አይጠፋም። የቸኮለ ፍርድ ነው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ጦርነት ሶማሊያ ሶቪየት ሠራሽ የሆኑ ሚግ 17 እና ሚግ 21 ተዋጊ ጀቶች ነበሯት፤ የእኛ አብራሪዎች የገጠሟቸው በአሜሪካ ሠራሹ ኤፍ 5 ነው። ኢትዮጵያም ከሶቪየት ኅብረት ጋር ከተወዳጀች በኋላ ሚግ 21 ታጥቃለች። ስለዚህ የሩስያ ጽሑፍ ያለበት ቆርቆሮ ብቻውን አውሮፕላኑ የማን እንደነበረ አይናገርም።

ዓይነቱን ለመለየት ከክንፉ ይልቅ ሞተሩን መመርመር ይሻላል። ክንፉ አሉሚኒየም ስለሆነ ተቆራርጦ ይሸጣል፣ ቀልጦም ድስት ይሆናል፤ ሞተሩን ግን ክብደቱ ያድነዋል። የሚግ 17 ሞተር አየር የሚጨምቀው በአንድ ሰፊ ጎማ ነው፤ ዙሪያውን 9 የማቃጠያ ጣሳዎች ተደርድረዋል። የሚግ 21 ሞተር አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሽከረከሩ ሁለት ዘንጎች አሉት። ኤፍ 5 ሁለት ትንንሽ ጄ85 ሞተሮች ይዟል፤ የኮምፕሬሰሩ (አየር የሚጨምቀው ክፍል) የብሌድ ረድፍ ተቆጥሮ 8 ከሆነ ኤፍ 5ኤ፣ 9 ከሆነ ኤፍ 5ኢ ነው። ቀለህም ይረዳል። የኤፍ 5 መድፍ ባለ 20 ሚሊሜትር ሲሆን የቀለሁ ርዝመት 102 ሚሊሜትር ነው፤ የሚጎቹ የ23 ሚሊሜትር ቀለህ ርዝመት 115 ይሆናል። 152 ከሆነ ግን እንደ ዙ 23 ካለ ፀረ አውሮፕላን መድፍ ከመሬት የተተኮሰ ነውና ከአውሮፕላኑ ጋር አይደመርም።

ይህ ሁሉ ግን ከደኅንነት በኋላ ይመጣል። ያልተተኮሰ ጥይት፣ ሚሳኤል፣ አብራሪውን የሚያስፈነጥረው መቀመጫና የኦክስጅን ሲሊንደር አይነኩም። የመቀመጫው ባሩድ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚያከሽፈው የፈንጂ ባለሙያ ብቻ ነው። ቀለህ የሚለካው ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ምንም ሳይነሳ ቦታው ይመዘገባል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የጂፒኤስ ነጥብ ይያዝለት፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ፎቶ ይነሳ፣ ሰሜን የት እንደሆነ ይታወቅ። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ከወረደ አንድ ጉድጓድ ይቆፍርና ሞተሩ ከሥር ይቀበራል፤ ተንሸራቶ ከወደቀ ስብርባሪው በረዥሙ ይበተናል፣ ሞተሩን የመሰለ ከባዱ ነገር ወደፊት ርቆ ይገኛል። ጅራቱ ወይም የክንፉ ጫፍ ከዋናው ክምር ብዙ ወደኋላ ርቆ ከተገኘ አየር ላይ ሳለ ተሰብሯል ማለት ነው። ጎርፍ ቀላሉን ቆርቆሮ ስለሚወስድ ልኬቱ ከሞተሩ ይጀምር።

የኮምፕሬሰሩ ብሌዶች (እንደ ቬንትሌተር ክንፍ የሚዞሩት ስለቶች) ዙሪያውን ሁሉ ከሚዞሩበት አቅጣጫ በተቃራኒ ከታጠፉ ሞተሩ ሲወድቅ በኃይል ይሽከረከር ነበር፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተጨፈለቁ ቆሟል ወይም ሊቆም ተቃርቧል። ስለ እሳቱ ለማወቅ ደግሞ ጥላሸቱ ይታያል። ጭረቱ ጥላሸቱን ቆርጦት ካለፈ እሳቱ የተነሳው አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት ነው፤ ጥላሸቱ ጭረቱ ላይ ከተኛ ግን እሳቱ የመጣው ከወደቀ በኋላ ነው። የቀለጠ አሉሚኒየም ወደኋላ ተረጭቶ ከደረቀ በረራ ላይ ነድዷል፤ መሬት ላይ ኩሬ ከሠራ ከወደቀ በኋላ ነው። ቀዳዳ ሁሉ የውጊያ አይደለም፦ ጠርዙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ በቅርቡ በመጥረቢያ ወይም እረኛ ዒላማ ሲለማመድ የተበሳ ነው።

ብዙ ማስረጃ የሚጠፋው በጽዳት ነው። የሽቦ ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት የታተመውን ቁጥር ጠራርገው ያጠፉታል። ለስላሳ ብሩሽና ውኃ ይበቃል፤ ከዚያ ባትሪ ከጎን እያበሩ ማንበብ፣ ካልታየም ወረቀት አልብሶ በእርሳስ ማሸት። የክፍሉ ዓይነት ቁጥርና የራሱ መለያ ቁጥር ለየብቻ ይጻፉ፤ የመጀመሪያው በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ስለሚደጋገም አንዱን ከሌላው አይለይም። ሞተር ደግሞ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ስለሚዛወር የአንድ ሞተር ቁጥር ብቻውን ማንነት አያረጋግጥም፤ የሁለት ሦስት ክፍሎች ቁጥር ከጥገና መዝገብ ጋር መመሳከር አለበት።

አጥንት ወይም የበረራ ልብስ ከታየ ሥራው እዚያው ይቁም፣ ለፖሊስ ይነገር። ለቤተሰብ ሳይነገር የአብራሪ ስም በግምት መጻፍ ነውር ነው።

ጋዜጣውም እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያወጣ ወረዳውን ይጥቀስ እንጂ ቀበሌውንና ትክክለኛውን ነጥብ አይጻፍ፤ አጥኚ ከመድረሱ በፊት ቁራሌው ይደርሳል።

አንድ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ ከቢሾፍቱ