ወርከርስ ኮምፔንሴሽን በመዋጮ አይተካም

የተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖረው ማኅበረሰባችን ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ኢሚግሬሽን ጠቃሚ ጽሑፎችን ሲያቀርብ ቆይቷል። የምግብ ቤቶቻችንን፣ የእንጀራ መጋገሪያዎቻችንን፣ የሆም ኬርና የጽዳት ድርጅቶቻችንን ባለቤቶችና ሠራተኞች እኩል የሚነካው የሠራተኞች የጉዳት ካሳ መድን፣ ሁላችንም ወርከርስ ኮምፔንሴሽን የምንለው፣ ግን የሚገባውን ቦታ አግኝቷል ብዬ አላምንም። ለአነስተኛ ንግድ ቤቶች የሒሳብ መዝገብ በመያዝ የምተዳደር በመሆኔ ጉዳዩ ዘወትር በእጄ ያልፋል። አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ እጁ በዘይት ሲቃጠል፣ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ተንሸራታ ወገቧ ሲጎዳ፣ ሕጉ ያዘጋጀላቸውን መድን ትተን በየቤተ ክርስቲያኑና በጎፈንድሚ ገንዘብ የምንሰበስብበት ልማድ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

በችግር ጊዜ መደጋገፍ ከአገራችን ይዘን የመጣነው ትልቅ ሀብት ነው፤ ከዕድር ያደግን ሰዎች ይህን ማንም አይነግረንም። ሆኖም መዋጮ አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ያልቃል። ቀዶ ሕክምና፣ የወራት ፊዚዮቴራፒና የተቋረጠ ደመወዝ ግን አንድ ጊዜ መጥተው የሚሄዱ አይደሉም። ከዚህም በላይ፣ ሕግ በአሠሪው ላይ የጣለውን ግዴታ ከአሠሪው ትከሻ አውርዶ በምእመናንና በጎረቤት ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

ሥርዓቱ የቆመው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል በተደረገ የሰጥቶ መቀበል ስምምነት ላይ ነው። ሠራተኛው በሥራው ምክንያት ሲጎዳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይመረመርም፤ ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ ወይም ስካር የአደጋው ምክንያት ካልሆነ በቀር፣ ወለሉን ያራሰው ባልደረባው ይሁን እሱ ራሱ ይቸኩል መድኑ ይከፍላል። በአንጻሩ ሠራተኛው አሠሪውን በቸልተኝነት ከስሶ ለሥቃዩና ለጭንቀቱ ካሳ የመጠየቅ መብቱን ይተዋል። ይህ ስምምነት በዚህ አገር በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ጎረቤታችን ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1902 በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የስቴት ሕግ ብታወጣም ከ2 ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ተሽሯል፤ ጸንቶ የቆየውን ሕግ ያገኘችው በ1914 ነው። የኒውዮርክ ሕግም በማርች 24 ቀን 1911 በስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሻረ፤ በማግሥቱ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣው እሳት 146 ሠራተኞች አለቁ፣ አብዛኞቹም ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቻችን እንደ ተራ የወጪ መደብ የምናየው መድን እንደ እኛ ካሉ ስደተኞች ሞት በኋላ የጸና መብት መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

መድኑ የሚሸፍነው ምን እንደሆነ ባለማወቅ የሚቀር መብት ብዙ ነው። የሕክምናው ወጪ ከሠራተኛው ኪስ ምንም ሳይወጣ ይከፈላል። ሐኪም ከሥራ ሲያስቀረው፣ በሕጉ ከተቀመጠው ጣሪያ ሳያልፍ፣ የአማካይ ሳምንታዊ ደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ይሰጠዋል፤ ይህም ገንዘብ የፌዴራል ገቢ ግብር አይቆረጥበትም። በቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የማይከፈልባቸው ሲሆን፣ ጉዳቱ ከ3 ሳምንት በላይ ከሥራ ካስቀረው እነሱም ተመልሰው ይከፈላሉ፤ በሜሪላንድና በዲሲ ደግሞ መጠበቂያው 3 ቀን ነው፣ ከ14 ቀን ካለፈም ወደ ኋላ ተመልሶ ይታሰባል። በቨርጂኒያ የደመወዝ ምትኩ በመደበኛው እስከ 500 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ሠራተኛው በአደጋው ሕይወቱ ካለፈ በእሱ ገቢ ይተዳደሩ ለነበሩት ቤተሰቦቹ ክፍያ አለ፤ በተጨማሪም በቨርጂኒያ እስከ 10,000 ዶላር የቀብር ወጪ፣ እስከ 1,000 ዶላር ደግሞ የአስከሬን ማጓጓዣ ይሸፈናል። አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስንት ጊዜ እንደምንዋጣ የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ትርጉም ይረዳዋል።

«እኔ ያሉኝ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም ዘመዶቼ ናቸው» የሚለውን መልስ ከብዙ ባለቤቶች እሰማለሁ፤ ሆኖም ግዴታው በሚኖሩበት ሳይሆን በሚያሠሩበት ቦታ ይለያያል። በሜሪላንድና በዲሲ አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢኖርም፣ ያውም በሳምንት ጥቂት ሰዓት የሚሠራ ቢሆን እንኳ፣ መድን መግባት ግዴታ ነው። በቨርጂኒያ ግዴታው የሚጀምረው ሠራተኞቹ ከ2 ሲበልጡ ነው። ቆጠራው ላይ ግን ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ እሑድ ብቻ የምታስተናግደው ልጅ፣ በክረምት የሚመጣው ተማሪ፣ በደመወዝ የሚሠራ የሥጋ ዘመድ ሁሉ ይቆጠራሉ። የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰው አይሸፈንም የሚለው ወሬም መሠረት የለውም። የቨርጂኒያ ሕግ በሠራተኛ ትርጉም ውስጥ የውጭ ዜጎችን፣ ቅጥራቸው ሕጋዊ ይሁን አይሁን፣ በግልጽ አካትቷል። በዲሲ የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ቤተሰብም በአንድ ሩብ ዓመት 240 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካሠራ በሕጉ ይገዛል።

ወጪውን በተመለከተ የሚነገረው ስጋት ከእውነታው የገዘፈ ነው። ዓረቦኑ የሚሰላው በእያንዳንዱ 100 ዶላር የደመወዝ ክፍያ ላይ ሲሆን መጠኑ በሥራው ዓይነት ይወሰናል። እያንዳንዱ የሥራ ዓይነት መለያ ቁጥር አለው፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ 8810፣ መደበኛ ምግብ ቤት ደግሞ 9082 ነው፤ ጣሪያ የሚሠራ ሰው ከጸሐፊ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ለማስረዳት ያህል፣ የአንድ ምግብ ቤት የዓመት ደመወዝ 200,000 ዶላር፣ ተመኑም ለእያንዳንዱ 100 ዶላር 1.50 ቢሆን፣ የዓመቱ ዓረቦን ልዩ ልዩ ክፍያዎች ሳይጨመሩ 3,000 ዶላር ይመጣል። ቲፕ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ በመዝገብ ተለይቶ ከታየ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ጭማሪም አይገባም። ይህን ባለማወቅ ከሚገባቸው በላይ የሚከፍሉ ባለቤቶች አጋጥመውኛል። ዓረቦኑን በአንድ ጊዜ መክፈል የሚከብደው ሰው ከየደመወዝ ቀኑ ጋር እየተሰላ እንዲከፈል የሚያደርግ ውል መጠየቅ ይችላል። የመድን ኩባንያዎች ያልተቀበሉት አዲስ ንግድ ቤትም መውጫ አለው፤ በሜሪላንድ ቼሳፒክ ኢምፕሎየርስ ኢንሹራንስ እንዲህ ያለውን አሠሪ ይቀበላል፣ በቨርጂኒያና በዲሲም ለዚሁ የተቋቋመ ዕቅድ አለ።

ውሉ ሲጀመር የተነገረው ደመወዝ ግምት ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲት ይደረጋል። ችግራችን በብዛት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን፣ ቦታውንና አሠራሩን ባለቤቱ የሚወስንለትን አስተናጋጅ «1099 ነው»፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ ነው፣ ብሎ መመዝገብ ሠራተኛነቱን አያጠፋውም፤ ሕጉ የሚመለከተው የወረቀቱን ስም ሳይሆን የሥራውን ግንኙነት ነው። የራሱ መድን እንዳለው ማስረጃ ያላቀረበ ንዑስ ተቋራጭም ኦዲተሩ ከደረሰበት ክፍያው በባለቤቱ ደመወዝ ላይ ተደምሮ ተጨማሪ ዓረቦን ይጠየቅበታል። በካሽ መክፈል ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። የጉዳቱ ካሳ የሚሰላው ሊረጋገጥ በሚችል ደመወዝ ላይ በመሆኑ፣ በሳምንት 800 ዶላር እያገኘ በቼክ 300 ብቻ የሚከፈለው ሰው ሲጎዳ የ300ው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሊደርሰው ይችላል። ያን ጊዜ በካሽ የተቀበለው ገንዘብ ጥቅም ሳይሆን የተነጠቀው መብት ይሆናል።

አንድ ሌላ ስሕተት እጅግ ተስፋፍቷል። ብዙ ባለቤቶች ቤቱን ሲከራዩ አከራዩ የጠየቃቸውን ላየቢሊቲ ኢንሹራንስ ገዝተው ሁሉም ነገር የተሸፈነ ይመስላቸዋል። ያ መድን ለደንበኛ እንጂ ለሠራተኛ አይደለም፤ ደንበኛው ደረጃ ላይ ቢወድቅ ይከፍላል፣ አስተናጋጇ በዚያው ደረጃ ላይ ብትወድቅ አይከፍልም። የራሱ የባለቤቱም ጉዳይ መታየት አለበት። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ድርጅት ሳያቋቁም በግሉ የሚነግድ ሰው ለመሸፈን ካልመረጠ በቀር በመድኑ ውስጥ አይካተትም፤ ከሠራተኞቹ እኩል ምድጃ ላይ የሚቆም ባለቤት ይህን ወኪሉን ሊጠይቅ ይገባል። የድግስ ምግብ የሚያቀርቡ ወገኖችም ልብ ይበሉ። መድናቸውን አሌክሳንድሪያ ገዝተው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሠርግ፣ እሑድ ዲሲ ለክርስትና ሠራተኞች የሚያሰማሩ ከሆነ፣ ሦስቱም ግዛቶች በውሉ ላይ በስም መጠቀሳቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። የፖቶማክን ወንዝ መሻገር ለእኛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ለሕጉ ሌላ አገር ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን መድኑ እያለ ሳይነካ የሚቀርበት ጊዜ ነው። ሠራተኛው ይጎዳል፤ ባለቤቱ አብሮ አደጉ ወይም የጓደኛው ወንድም ነው፤ ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። «እሱን ከማስቸግር» ብሎ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ሲጠየቅ «ቤቴ ወድቄ ነው» ይላል። ባለቤቱም መድኑ ይወደድብኛል ብሎ ስለሚሰጋ «ሕክምናህን እኔ እከፍላለሁ» ይለዋል፣ ከልቡም ነው የሚለው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉዳቱ ከታሰበው በላይ ሲሆን የባለቤቱ አቅም ያልቃል፤ የሆስፒታሉ መዝገብ ግን አደጋው ቤት ውስጥ እንደደረሰ ይመሰክራል። በቨርጂኒያና በዲሲ ሠራተኛው ለአሠሪው በ30 ቀን፣ በሜሪላንድ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የይገባኛል ማመልከቻው በቨርጂኒያ በ2 ዓመት፣ በዲሲ በ1 ዓመት ካልቀረበ መብቱ ይወድቃል፤ ለአለቃ በቃል መንገር ማመልከቻውን አይተካም። ይሉኝታ የሁለቱንም ቤት ያፈርሳል የምለው ለዚህ ነው።

የባለቤቱ ስጋትም ቢሆን ቀርቦ ሲታይ ይቀንሳል። ዓመታዊ ዓረቦናቸው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ብዙ ትናንሽ ንግድ ቤቶች በአደጋ ታሪካቸው ተመኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ስሌት ጭራሽ አይመለከታቸውም። የሚመለከታቸውም ቢሆኑ፣ ሕክምና ብቻ አስከትሎ የሥራ ቀን ያላስቀረ ጉዳት በስሌቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው 30 በመቶው ብቻ ነው የሚገባው። ከመጀመሪያው ቀን ሪፖርት የተደረገ ትንሽ ጉዳት በጊዜው ታክሞ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። በቨርጂኒያ አሠሪው ቢያንስ የ3 ሐኪሞችን ዝርዝር ለሠራተኛው ማቅረብ አለበት፤ ይህን ዝርዝር አደጋ ከመድረሱ በፊት አዘጋጅቶ ከሕጉ ማስታወቂያ ጋር ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፈ ባለቤት በዚያ ቀን ግራ አይጋባም። ካሳ ስለጠየቀ ብቻ ሠራተኛን ማባረር በሦስቱም ቦታ ክልክል መሆኑም አይዘንጋ።

መድን ሳይገባ የተገኘ አሠሪ በቨርጂኒያ ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 250 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 50,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ ግን ትንሹ ክፍል ነው። የተጎዳው ሠራተኛ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል፤ ባለቤቱም «ጥፋቱ የራሱ ነው» ብሎ መከራከር አይፈቀድለትም። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም መድን ለሌላቸው አሠሪዎች ሠራተኞች የተቋቋመ ፈንድ ለተጎጂው ይከፍልና ገንዘቡን ከአሠሪው ይጠይቃል። ከዓመታት ድካም በኋላ የተገዛ ቤትና የተቋቋመ ንግድ በአንድ የፈላ ዘይት ድስት ምክንያት ሊጠፋ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የሦስቱን ግዛቶች ደንብ በአማርኛ በተከታታይ እትሞች እንዲያወጣ፣ የመድን ወኪሎቻችንና ጠበቆቻችንም ለአንባቢ ጥያቄ መልስ የሚሰጡበት ዓምድ እንዲከፍት በአክብሮት እጠይቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ማንኛውም ሠራተኛ አሠሪው መድን ያለው መሆኑን በየግዛቱ በሚገኝ የኢንተርኔት ፍለጋ የድርጅቱን ስም አስገብቶ ያለ ክፍያ ማረጋገጥ ይችላል፤ ባለቤቶችም የራሳቸው ውል እንዳልተቋረጠ በዚያው መንገድ ቢያዩት መልካም ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሒሳብ መዝገብ ባለሙያ አንባቢያችሁ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ