ባለሙያን ማመንና መጠየቅ አይጣሉም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የባለሙያዎች ተአማኒነት ባከራከረ ቁጥር የአውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች የባሪ ማርሻልና የሮቢን ዋረን ታሪክ «ሊቃውንት ይሳሳታሉና ማንንም አትመን» ለማለት ሲጠቀስ እሰማለሁ። ታሪኩ እውነት ቢሆንም የሚሰጠው ትርጉም ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ።

ሁለቱ ሐኪሞች ጥናታቸውን ሲጀምሩ አብዛኛው ሐኪም የጨጓራ ቁስለት በጭንቀትና በአሲድ ብዛት ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ባክቴሪያ እንደሚያስከትለው የጠረጠረው ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 አስቀድሞ የራሱን ጨጓራ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ አስመረመረ፤ ከዚያም ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ጠጣ። በቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ጀመረው፤ ዳግም ሲመረመርም ጨጓራው ተቆጥቶ፣ ባክቴሪያውም እዚያው ሰፍሮ ተገኘ። የመጀመሪያው ምርመራ ባይደረግ ኖሮ ሕመሙ ቀድሞም የነበረበት አለመሆኑን ማስረዳት ባልተቻለ ነበር። ያም ሆኖ ሙከራው ያሳየው የጨጓራ መቆጣትን እንጂ ቁስለትን ስላልነበረ፣ ሌሎች ሐኪሞች በርካታ ሕሙማንን በአንቲባዮቲክ አክመው ቁስለቱ እምብዛም እንደማያገረሽ ማየት ነበረባቸው። በ1994 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተጠራ የባለሙያዎች ጉባኤ ይህን ሕክምና ደገፈ፤ በ2005 ደግሞ ሁለቱ ሐኪሞች የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የባለሙያዎቹን ስህተት ያረሙት በሙያው ደንብ የሠሩ ባለሙያዎች መሆናቸው ታሪኩ ሲተረክ ለምን እንደሚዘለል አይገባኝም።

ዛሬ «ራሴ አጣርቻለሁ» የሚለን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያደረገው አስቀድሞ ያመነበትን የሚደግፍ ጽሑፍ መሰብሰብ ነው፤ ሐሳቡን የሚያፈርስ ማስረጃ ፈልጎ እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ የለውም። በሌላ በኩል፣ ታካሚ ስለሚታዘዝለት መድኃኒት ሲጠይቅ ማዕረጉን እንደ መልስ የሚያቀርብ ሐኪም በሙያው ላይ ያለውን እምነት በገዛ እጁ ይሸረሽራል፤ ይህን ጥፋት ከመጀመሪያው አሳንሼ አላየውም። ማንም ሰው የሚውጠውን ክኒን ሁሉ በቤተ ሙከራ ሊፈትሽ እንደማይችል ግልጽ ነው። ይህ በምን ታወቀ፣ ሌሎችስ ደግመው ሞክረውት ምን አገኙ፣ ያጠናው ሰው ከውጤቱ የሚያገኘው ጥቅም አለ ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን የሕክምና ትምህርት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መልሱን ሰምቶ ሐሳብን ለመለወጥ መዘጋጀት ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የባለሙያ አስተያየት ሲያትም ከስሙና ከማዕረጉ ጎን የአስተያየቱን መሠረት፣ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ያለውን ተቀባይነትና ገና ያልተረጋገጠውንም ክፍል በግልጽ እንዲያሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ